የጓደኛዬ በረኞች

አልቀናሁም ብል ውሸታም ነኝ። በጓደኛዬ ቀናሁ፤ ያውም አንጀቴ እስኪቃጠል።

ሁለታችንም ከደጋ መጥተን አዋሽ የቀረን ነን። እኔ ቢሮ ጸሐፊ፣ እሷ ልብስ ሰፊ። ኤችአይቪ በደማችን እንዳለ ያወቅነውም፣ መድኃኒቱን የጀመርነውም በአንድ ሰሞን ነው። አዋሽ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ቆመሽ ከታየሽ ወሬሽ አንቺን ቀድሞ አዋሽ አርባ ይገባል። ስለዚህ መድኃኒታችንን የምንወስደው ሰመራ ድረስ ሄደን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ገዋኔን እስክናልፍ አንተዋወቅም፤ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። ከገዋኔ ወዲያ አብረን እንቀመጣለን። ስንመለስም እዚያው ገዋኔ ላይ እንለያያለን። የክኒኑ ብልቃጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ እንጎሰጉስበታለን።

ክኒናችን አንድ ዓይነት፣ የምንውጥበትም ሰዓት አንድ። የሷ ደም ሲመረመር ቫይረሱ ከማነሱ የተነሳ አይታይም ተባለ፤ የኔ ግን ይታያል። እሷ አረገዘች። እኔን የሰመራዋ ሐኪም "ቫይረሱ እስኪወርድ ድረስ ማርገዙን ብናዘገየው" አለችኝ። ልጅ ልጅ እያልኩ ስንት ዘመኔ! ባሌ ደሙ ነጻ ነው፤ "ይደርሳል" እያለ ይተኛል። እኔ የጓደኛዬን ሆድ እያየሁ እንቅልፍ አጣለሁ።

ይባስ ብላ የመድኃኒት አማካሪዋ "እህቴ፣ እውነት በትክክል ትውጫለሽ?" አትለኝም! እሳት ጎረስኩ። "ቅዳሴ እቀር ይሆናል እንጂ ክኒኔን ዘልዬ አላውቅም!" ብዬ ጮህኩባት። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

ያን ቀን ስንመለስ ጓደኛዬን "ብልቃጥሽን ቀይሪኝ" አልኳት።

"ምን?"

"ላንቺ ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ ነው የሚሰጡሽ። ቀይሪኝ!"

ሆዷን ይዛ ሳቀችና ሰጠችኝ። ሳቋ ራሱ አናደደኝ። በሚቀጥለው ምርመራ የኔን ክኒን ስትውጥ የከረመችው እሷ አሁንም አይታይባትም፤ የሷን የዋጥኩት እኔ አሁንም ይታይብኛል። ወይ መድኃኔ ዓለም!

ሐኪሟ የብልቃጡን ነገር ስትሰማ ሳቋን ዋጠችና ወንበሯን አስጠጋች።

"ክኒኑ ያው ነው" አለችኝ። "በአንጀትሽ ግድግዳ፣ በጉበትሽ፣ በየሴሉ ላይ መድኃኒት የሚያስገቡና የሚያስወጡ በረኞች አሉ በይ። ቫይረሱና እሱ የሚያመጣው ብግነት የእነዚህን በረኞች ብዛት ያዛባል፤ አንዱ ቦታ ያበዛል፣ ሌላው ቦታ ያሳንሳል። አስወጪዎቹ ከበዙ መድኃኒቱ ደምሽ ውስጥ እያለ እንኳ ቫይረሱ የተደበቀበት ሥጋ ውስጥ በቅጡ ላይገባ ይችላል። ከሰው ሰውም ይለያያል። ነገሩ ገና እየተጠና ስለሆነ ያንቺም ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አልምልልሽም። ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነም እናያለን። ግን አትውጪም አልልሽም፤ አምንሻለሁ።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ምርመራ ጨምራ መድኃኒቴን ቀየረችልኝ።

ቅናቱ ግን የት ሄዶ! ጭራሽ ስም ተገኘለት። ጓደኛዬን ባየሁ ቁጥር "የሷ በረኞች ጨዋ፣ የኔዎቹ ዱርዬ!" እላለሁ በሆዴ። የሰው በረኛ እንኳ ያስቀናል?

ወንድ ልጅ ወለደች። ተመርምሮ ነጻ ነው ተባለ። ገንፎውን በላሁ፤ ልጁን ግን አልነካሁትም። "እንኪ፣ እቀፊው እንጂ" ስትለኝ "እጄ ይቀዘቅዛል" አልኳት። በአዋሽ ሙቀት የሚቀዘቅዝ እጅ! ገባት መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ሰመራ ስንሄድ ሐኪሟ ውጤቴን አየችና "አይታይም" አለች። ወረቀቱን ተቀብያት ራሴ አነበብኩት። "በይ እንግዲህ፣ ስለ ልጅ እናውራ" አለችኝ።

ጓደኛዬ ልጇን አዝላ ውጭ ጥላ ስር ትጠብቀኝ ነበር። ስነግራት እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሰው ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። ከኔ ብሳ አለቀሰች። ያን ጊዜ አፈርኩ።

ስንመለስ ገዋኔ ላይ እንደ ልማዳችን ወንበር ልትቀይር ተነሳች። ቀሚሷን ያዝኳት። ከፊታችን እዚያው የተሳፈረች አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ ተቀምጣለች፤ ዞር ብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ታያለች። ትየን!

"ቁጭ በይ" አልኳት። "ልጁንም ስጪኝ፤ ልለማመድ።"