ሽማግሌዎቹ ያቀበሉት ምክንያት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አሜሪካ ስመጣ ከሻንጣዬ ጋር ነው ያመጣሁት። ሰው በነጻ ፈገግ ካለልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ስለዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምሠራበት ሆቴል ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሲያባርረኝ፣ መጀመሪያ የፈለግሁት ሌላ ሥራ ሳይሆን ወሬ ያቀበለብኝን ሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ አንሶላ የሞላ ጋሪ ስገፋ ወገቤን ያዘኝ። ለሥራ አስኪያጇ ነገርኩ፤ የጉዳት ፎርም ሞላሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቢሮዋ ጠርታ ባጄን ተቀበለችኝና ከዛሬ ጀምሮ አንፈልግህም አለችኝ። ምን አጠፋሁ ብላት፣ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብኝም አለች።

ወገቤን ሲይዘኝ አጠገቤ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ሥራ ያስገባኝ ያገሬ ልጅ። እኔ በተባረርኩ በሳምንቱ እሱ ቲፕ ወዳለበት ወደ ፓርኪንጉ ተዛወረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? «አስመስሎ ነው እንጂ አላመመውም» ብሎ ሸጦኛል አልኩ። ስልኩን ማንሳት ተውኩ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ወገቤ እንደዚያ ቀን አሞኝ አያውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ያላት አንዲት ወጣት ሐበሻ ጠበቃ ወረቀቶቼን አገላብጣ አየች።

«ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሠሪዎች ሠራተኛን ያለ ምክንያት ፋየር ማድረግ ይችላሉ» አለችኝ። «የጉዳት ክሌም ስለሞሉ ብቻ ግን ፋየር ሊያደርጉዎት አይችሉም። ክሌሙን በሞሉ በሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሌላ ምክንያት ደግሞ አንድም አልሰጡም። ጥሩ ኬስ አለዎት። እነሱ እንደዚሁ ዝም ይበሉልን፤ እርስዎም ለማንም እንዳይናገሩ።»

ለማንም አለመናገር ለእኔ ምን ችግር አለው? ለሚስቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳት።

በሳምንቱ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«ልጄ፣ አለቃህ ጋ ደርሰን መጣን» አሉኝ ትልቁ። «ያ ጓደኛህ ነው የለመነን። እሱ እያስተረጎመልን አነጋገርናት።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «ምን አላችኋት፣ አባቶቼ?»

«ሽማግሌ የሚለውን ነዋ! አጥፍቷል፣ ይቅር በይልን አልናት። ድንጋይ መሸከም ብቻ ነው የቀረን። ምንድን ነው ያጠፋው ብላ ጠየቀችን። እኛ ምን እናውቃለን? አርፍዶም ይሆናል፣ ተቆጥቶም ይሆናል፣ ብቻ ማሪው አልናት። ደግ ሴት ናት፤ አንድ በአንድ ጻፈችው። ስማችንንም መዘገበች።»

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አባቴ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ምን አፍ አለኝ? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ የሆቴሉ ደብዳቤ ለጠበቃዬ ደረሳት። የተባረርኩት በማርፈድና በቁጡነት ነው፣ ይህንንም የገዛ ሽማግሌዎቼ አምነዋል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ምክንያት እኮ አልነበራቸውም» አለችኝ። «እኛው ወስደን ሰጠናቸው። ከእንግዲህ ይህን ኬስ ማሸነፍ ይከብዳል።»

ከቢሮዋ እንደወጣሁ ያገሬ ልጅ ጋ ደወልኩ፤ ልሰድበው።

«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ምናለ ብትጠይቀኝ?»

«በምን ልጠይቅህ?» አለኝ። «ስልክ ባደርግ አታነሳ፣ እጄን ብዘረጋ ጫማ ታስራለህ። ከማጠቢያ ክፍሉ እንኳ ለምኜ የወጣሁት ያላንተ ስላስጠላኝ ነው።»

እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን እሁድ እጁን ጨብጬው ቢሆን ግን፣ ምን ሊያደርግልኝ እንዳሰበ እዚያው ይነግረኝ ነበር።