ኃይል ያለበት ዕቃ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራዲዮ ሲጠግን ባትሪ የሚፈትነው በምላሱ ነበር። ጫፉን ነካ ያደርግና «ይሄ ሞቷል፤ ይሄ ሳምንት ይገፋል» ይላል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ያ ምላስ የገዛ ምራቁን እንኳ ማሳለፍ አቃተው። ምግቡ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ሆነ።

የመዋጥ ሕክምና ባለሙያዋ የመዳፍ ስፋት ያላት ሣጥን አምጥታ ሁለት ሽቦዎች አገጩ ሥር ለጠፈች።

«የሰነፉትን ጡንቻዎች እንቀሰቅሳለን» አለችው። «በሁለት ሳምንት መዋጥ ካልጀመሩ ግን ሆድዎ ተቀዶ ቱቦው በዚያ ይገባል።»

«ስንት ቮልት ነው?» አለ በተኮላተፈ አንደበቱ።

«በሽተኛ ነዎት ወይስ ተቆጣጣሪ?»

በየቀኑ አዲስ ጥያቄ ነበረው። ለምን ሁለት ሽቦ ሆነ? ንዝረቱ ለምን መጣ ሄድ ይላል? ቆዳው ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ የሚመስለውስ ለምንድን ነው? አጠገቡ የምትቀመጠው ልጁ አፈረች። «አባዬ፣ ኧረ ተዋት፣ ሥራዋን ትሥራ!»

አሥር ቀን አለፈ። ባለሙያዋ «ይዋጡ» ስትል እሺ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ማንቁርቱ ግን ንቅንቅ አይልም። አቅም አጥቶ መስሏት ተስፋ ወደ መቁረጡ ነበረች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጁ እጆቹን አየች። ጭኑ ሥር ቀብሯቸዋል። ራዲዮ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ያደገች ናትና ታውቀዋለች፤ የተከፈተ ራዲዮ ሶኬት ላይ ሲሰካ እጁ እንዳይነካው እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

«አባዬ፣ መቼ ነው የምትውጠው?»

«እሷ ስታጠፋው ነዋ! ኃይል ያለበት ዕቃ ይነካካል እንዴ? መብራቱ መጀመሪያ ሥራውን ይጨርስ።»

ባለሙያዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «የኔ አባት፣ መብራቱ አይውጥልዎትም! እሱ ሲገፋ እርስዎ ነዎት የሚውጡት።»

«አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ።»

«እኛ ሱቅ ይሄ ሰው ይገድላል» አለ። እጆቹን ግን ከጭኑ ሥር አወጣ። በሚቀጥለው ንዝረት ባለሙያዋ ማንቁርቱ ላይ ባሳረፈችው ጣት ሥር አንድ ነገር ከፍ ብሎ ወረደ።

በመጨረሻው ቀን እንዳያንቀው ወፈር የተደረገ ውሃ በማንኪያ ሰጠችው። ዋጠ፤ አላሳለውም። ውሃው ወደ አየር ቧንቧው እንዳልገባ ለማወቅ «አ» እንዲል ጠየቀችው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ለሁለት ቀደደችው።

ልጁ እንባዋን ስትጠርግ እሱ ሣጥኗን ነበር የሚያየው።

«ክዳኗን ክፈቺልኝና ሆዷን ልየው።»

«ሁለተኛውን ማንኪያ ከዋጡ።»

አፉን ከፈተ።