ሙሄ አምባሰልን ሲወጣ

ጎረቤቴ ጦይባ ሰሞኑን በሐሳብ ልታልቅ ነበር። ባሏ ሙሄ ልቡን ያመዋል፤ ታዲያ አምና የጀመሩት የተራራ ፊልም አላልቅ ያላቸው ሁለት የደሴ ልጆች፣ አምባሰልን የሚወጣው ሰውዬ አንተ ነህ ብለው ወሰዱት። ማታ እጁ ተጫጭሮ ሲመጣ «አላህዬ፣ አንድ ቀን ሬሳውን ይዘውልኝ ይመጣሉ!» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ ዓይኔ አያርፍም፤ ጫማውን ባየው ከሰፈራችን በታች ያለው የሐይቁ ዳር ጭቃ ነው። ይህ ጭቃ አምባሰል ላይ ምን ይሠራል ብዬ በማግስቱ ተከተልኩት።

ሙሄ ሐይቁ ዳር፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ በሆዱ ተኝቶ ድንጋይ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። «ወደቅኩ! ያዙኝ!» ይላል። ልቡ ተነሣበት ብዬ «እስጢፋኖስ ድረስ!» እያልኩ የፀሐይ ጥላዬን እንደዘረጋሁ ሮጥኩ።

«እማማ፣ ከካሜራው ፊት ዞር ይበሉልን!» አለኝ አንደኛው ልጅ።

«ሰው እየሞተ?»

ሙሄ ቀና አለ። «ኧረ እናኑ፣ ደህና ነኝ! ሐኪም ዳገት ስለከለከለኝ እዚሁ ነው የምወጣው። ለጦይባ ሜዳ ላይ ነው የምንፏቀቀው ማለት አፍሬ ነው።»

እፎይ ብዬ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ እየሳቁ የቀረጹትን አሳዩኝ። ካሜራውን በጎኑ አጋድመውት ኖሮ ሜዳው ገደል ሆኗል። ሙሄ በጥፍሩ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፤ እኔ አጠገቡ ጥላዬን ዘርግቼ ገደሉን እንደ ዝንብ እሮጥበታለሁ።