ገዥው ገባ

የእናቴን ወንድም ጋሼ እንላቸው ነበር። የባላባት ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው መኮንን፣ ኋላም የወረዳ ገዥ ነበሩ። አርባቸው ወጥቷል። እኔ ግን ቅዳሜ ሲሆን አሁንም ድምፃቸውን ከበሩ ላይ እጠብቃለሁ።

ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር ከእኛ ጋር ሲኖሩ ስለ ሹመታቸው አያወሩም ነበር። የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ስለሚያነቡት መጽሐፍ ነው፤ ከመሳፍንት ቤት ስለተወለደ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር። አንድ ቀን ለልጄ፣ «ይሄ ሰው ባሕር ማዶ የአንድ ደሴት ገዥ ነበር» አሏት።

ለልጄ ገዥ ማለት ከሱቅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ብቻ ነው። በጀርመንኛ፣ «በስንት ገዛው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ዋጋውን የከፈሉት የደሴቱ ሰዎች ናቸው» አሉ። «እኔንም ያኔ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበያ ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ ከበሩ ላይ «ገዥው ወጣ» ይላሉ፤ ሲመለሱም «ገዥው ገባ»። ልጄ ከክፍሏ ሆና «ምን ገዛ?» ትላለች። «ወተትና ሽንኩርት» ይሏታል፣ ኮስተር ብለው። ከሹመታቸው ሁሉ ይሄኛውን የወደዱት ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ያንን ቦርሳ ይዤ ገበያ የሄድኩት እኔ ነኝ። ስመለስ በሩን ከፍቼ፣ ሳላስበው «ገዥው ገባ» አልኩ።

ልጄ ከክፍሏ ሮጣ ወጣች። እኔን ስታይ ቆመች። ምን እንደገዛሁ አልጠየቀችኝም።