ከአዲስ አበባ ሲያትል፣ በሁዳዴ

ሲያትል አጠገብ ባለችው ቱክዊላ የማስተምራቸው ልጆች የሰዓት ልዩነትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዱታል። ኳስና የእጅ ባትሪ ይበቃኛል። እናቴን ለማስረዳት ግን ሦስት ሳምንት ለፋሁ፤ አልተሳካልኝም።

በሁዳዴ መካከል እንድትመጣ ቲኬት ተቆረጠላት። ማታ አራት ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስታ፣ መንገድ ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ሲያትል ትደርሳለች ይላል። እናቴ አንዱን ከአንዱ ቀነሰችና አሥራ አራት ሰዓት አገኘች።

«ምን አላት! ስድስት ሰዓት እገባለሁ፣ ትንሽ አረፍ ብዬ በዘጠኝ ሰዓት እቤትሽ እቀምሳለሁ» አለችኝ በስልክ።

ደነገጥኩ። እናቴ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷን ያለ ምግብ እንዳትወስድ ሐኪሟ አስጠንቅቋታል። ሲያትል ከአዲስ አበባ በአሥር ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች መንገዱ ሃያ አራት ሰዓት ነው። የሲያትልን ዘጠኝ ሰዓት ከጠበቀች፣ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ እህል ሳትቀምስ ትቆያለች ማለት ነው።

ይህንን በቪዲዮ አሳየኋት። መብራት አጥፍቼ፣ ባትሪ አብርቼ፣ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ ያደረግኩበትን ብርቱካን ቀስ እያልኩ አዞርኩላት። እስክጨርስ አየችኝና፣

«ከስተሻል» አለች።

ሌላ መላ አመጣሁ። የእጅሽን ሰዓት አትንኪው፣ እሱ ዘጠኝ ሲል ብዪ አልኳት። ያኔ በመስኮቱ ምን ይታየኛል ብላ ጠየቀችኝ። አስልቼ፣ ጎህ እየቀደደ ይሆናል አልኩ። ዋሽቼ ቢሆን ይሻል ነበር።

«በጾም፣ ገና ሳይነጋ፣ ልጄ?»

የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩ። ማስረዳት ሳልጀምር አቋርጠው፣ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል፣ ነግሬያታለሁ አሉኝ። እሷን ስጠይቃት ደግሞ ነገሩ ለሕመምተኛ ነው አለች፤ እሷ መች ታመመች?

ሲያትል ኤርፖርት ስትደርስ በዊልቸር እየተገፋች መጣች። ዊልቸሩን ያዘዝኩት ራሴ መሆኔን ረስቼ ወደ እሷ ሮጥኩ። ሳልስማት ነው መብላቷን የጠየቅኩት።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ወጣት ልጅ ከእናቷ ተለይታ አታውቅም፤ ስታለቅስ አደረች አለችኝ እናቴ። የጾም ምግብ ሲመጣላቸው ልጅቷ ብቻዬን አልበላም አለች።

«ምን ላድርግ? ጎረስኩና አጎረስኳት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ልጅ እያለቀሰ ሰዓት ይታያል?»

መድኃኒቷንም ወስዳ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዞርኩት ብርቱካን ያልሠራውን የማላውቃት ልጅ በእንባ ሠራችው። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው።

ልጅቷን እናቴ ጠቁማኝ ሻንጣ መቀበያው ጋ አገኘኋት። ላመሰግናት ስጠጋ ቀድማኝ፣

«ልጃቸው ነሽ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብዙ አልበሉም። ሁለት ጉርሻ ብቻ ነው፣ የቀረውን እኔን ነው ያጎረሱኝ። መድኃኒቱን ከወሰዱም ቆይተዋል።»

ሻንጣውን ትቼ ከቦርሳዬ ዳቦ አወጣሁ። እናቴ ተቀበለችኝ፣ ቆርሳ ግማሹን ለልጅቷ ዘረጋች። ልጅቷ እጇን አጣምራ ቆመች፤ መጀመሪያ እርስዎ አለቻት።

እናቴ እኔን በቁጣ አየችኝ። ከዚያ በላች።