መጨረሻውን የማናውቀው መጽሐፍ

የተያዝነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል፣ መጽሐፍ ስንመርጥ ነው። ሲቪል የለበሱ ሰዎች በሩን ከፍተው ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ ሲያዙ፣ አንዷ የንባብ ክበባችን አባል «ትንሽ ታገሱን፣ ጋሼ ታሪካቸውን ሊያበቁ ነው» አለቻቸው። አልታገሱንም።

ሌሎቹን ዕለቱን ለቀቋቸው። እኔና ጋሼ የስደተኛ ወረቀታችን እድሳት ላይ ስለነበር ቀረን።

እስር ለእኔ አዲስ አልነበረም። አገር ቤት ጋዜጠኛ ሳለሁ በጻፍኩት ታስሬ፣ ስፈታ ነው ናይሮቢ የገባሁት። የታሰረ ሰው ዓይን ልማዱን አይረሳም፤ ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የፈለግኩት መስኮት ነበር። ጣሪያው ሥር አንድ አለች፣ የጫማ ካርቶን የምታህል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል። ወለሉን ጠዋት ጠዋት በውሃ ስለሚያጥቡት ሲሚንቶው ደርቆ አያውቅም። ጥግ ላይ ባልዲ አለ፤ ስለ ባልዲው ባላወራ ይሻላል።

ቀድሞን የገባ አንድ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲ፣ ሾፌር ነበር፤ ከትልቅ ሰው መኪና ጋር ተጋጭቶ ነው አሉ። ጋሼን ሲያይ ተነስቶ «ካሪቡ ምዜ»፣ እንኳን ደህና መጡ አባት፣ ብሎ ደረቁን ጥግ ለቀቀላቸው። ጋሼ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን በተማሪ ቤት የተማሩ፣ መሃል ከተማ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጣልቃ ባስገባ ምንም አይሉኝም፤ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ይጀምራሉ።

ሾፌሩ ለምን እንደታሰርን ጠየቀ። ጋሼ «በመጽሐፍ» አሉት።

«ምን ዓይነት መጽሐፍ?»

መቼም መጠየቅ ይገባዋል። ክበባችን በዚያ ሰሞን የተነሳው የጥንት የሳይንስ ልብወለድ ለማንበብ ነበር፤ አውሮፕላን ገና ሳይበር፣ አምፖል ብርቅ በነበረበት ዘመን የተጻፉትን። ያኔ የነበሩ ሰዎች ስለ እኛ ጊዜ ምን አልመው፣ ምን ፈርተው እንደነበር የማወቅ ጉጉት ይዞን ነበር። ለምርጫው ደግሞ ደንብ አለን። መጽሐፍ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያውን በቃሉ ይተርካል፣ ሰሚው ሲቁነጠነጥ ያቆማል። መጨረሻውን ከተናገረ መጽሐፉ ከውድድር ይወጣል። አንዷ አባል ደመና እየጎተተች ወደ በረሃ ስለምትወስድ መርከብ ተርካልን ነበር፤ ደስ ይላል። የጋሼ ግን ሌላ ነው።

ጋሼ ለሾፌሩ በስዋሂሊ እንደገና ጀመሩለት። አንድ ንጉሥ ነበረ። የአገሩን ሁሉ ውሃ የሚያጠጣውን ምንጭ በግንብ አጥሮ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አስገባው። አንድ ሰዓት ሠሪ መሬት የሚሰረስር የብረት ማሽን ሠራና፣ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ሊወጣ ወደ ታች ወረደ። ጋሼ ስለ ማሽኑ ሲያወሩ እጃቸውን እንደ መሰርሰሪያ ያዞራሉ። ሾፌሩ «ሃላፉ?» ይላል፤ ከዚያስ ማለቱ ነው። እኛን ያስያዘንም ይኸው ታሪክ እንደሆነ እሑድ ጠዋት ለምርመራ ስጠራ ገባኝ። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረ አማርኛ የሚሰማ ሰው፣ እነዚህ ስደተኞች ቤተ መንግሥት ሥር ሊቆፍሩ ይመካከራሉ ብሎ ወሬ አቀብሏል።

መርማሪው ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። አልጮኸብኝም። በእንግሊዝኛ፣

«መጽሐፍ ከሆነ መጨረሻ አለው። መጨረሻው ምንድን ነው?» አለኝ።

«አላውቀውም። መጨረሻ አይነገርም፣ ደንባችን ነው።»

ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ትናንት ጓደኞችህን ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ይህንኑ ነው ያሉት። መጨረሻውን ማንም የማያውቀው መጽሐፍ አይቼ አላውቅም።»

ልክ ነበራ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምነንም።

እንደተመለስኩ ጋሼ አጠገብ ተጠግቼ «ጋሼ፣ ደንቡ ይቅርና መጨረሻውን ይንገሩኝ። ለሰውዬው ብንነግረው ይለቀናል» አልኳቸው።

«እኔም አላውቀውም» አሉ።

«እንዴት አያውቁትም?»

«ተማሪ ሳለሁ ነው ያነበብኩት። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኋላ ገጾቹ ተቀድደዋል። ማሽኑ የቤተ መንግሥቱን ወለል ነካ፣ ከላይ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ እዚያ ላይ አለቀ። አስመራን አዳረስኩ፤ የጨረሰው ሰው አልተገኘም። ክበቡ ከመረጠው መቼም አንዳችሁ ሙሉውን ፈልጋችሁ ታመጣላችሁ ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ሾፌሩ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀና፣ ሲነገረው እሱ ግን አልሳቀም። «ምዜ፣ ውሃውን አገኙት ወይስ አላገኙትም?» አለ፤ የምር አሳስቦታል።

መርማሪው ድጋሚ አስጠራኝ። ወረቀትና ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል።

«ልርዳህ» አለኝ። «መጨረሻው ላይ ንጉሡን ይገድሉታል። ሽማግሌው ይህን ያወራላችሁ እንደዚያ እንድታደርጉ ነው። እሱን ጻፍና ፈርም፣ ከራት በፊት ቤትህ ትገባለህ። ካልሆነ ነገ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና አለ።»

ሞያሌ ማለት ድንበሩ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ብፈርም ደግሞ የሚመለሱት እኔ ሳልሆን ጋሼ ናቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ወደሸሹት አገር። ፈራሁ።

«አገሬ በጻፍኩት ታስሬአለሁ» አልኩት። «ያላነበብኩትን ግን ፈርሜ አላውቅም።»

ብስኩቱን ወደ እኔ ገፋው። አልነካሁትም፤ ርቦኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሼን አስጠራቸው። ሲመለሱ መርማሪው ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«መጨረሻውን ጠየቀኝ። ርዕሱን ነገርኩትና፣ ካገኘኸው መጽሐፉን ለእኔም ስጠኝ አልኩት።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ራሱ ስልኩን ይዞ ብረት በሩ ድረስ መጣ። ፊቱ ሌላ ሆኗል፤ እንቅልፍ አጥቶ ፈተና የጨረሰ ተማሪ ይመስላል።

«አገኘሁት» አለ። «የድሮ መጽሐፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጧል። ምሳዬን ሳልበላ ጨረስኩት። ወረቀታችሁን አስተካክዬ እለቃችኋለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጋሼ ጠጋ አለ። «ምዜ፣ መጨረሻው የሚገርም ነው። ልንገርህ?»

ጋሼ ከመሬት ተነሱ። ሱሪያቸው ከኋላው ርሷል። ኮታቸውን አስተካከሉና ለአንድ ደንበኛ ዋጋ አልቀንስም ሲሉ እንደሚያደርጉት በትሕትና እጃቸውን አነሱ።

«አመሰግናለሁ፤ ግን አትንገረኝ። ራሴ አነበዋለሁ።»

«ሚሚ! ኒያምቢዬ ሚሚ!» አለ ሾፌሩ ከጥጉ። ለእኔ፣ ለእኔ ንገረኝ ማለቱ ነው።

መርማሪው በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ በብረቱ መሃል ለሾፌሩ መተረክ ጀመረ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ አረንጓዴው ግድግዳ አዙረው ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን በጣቶቻቸው ደፈኑ። ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በእስር ቤት ውስጥ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አላየሁም። እኔ ጆሮዬን አልደፈንኩም። አላስቻለኝም።

በማግሥቱ ተፈታን። ክበቡ መጽሐፉን ያለ ተቃውሞ መረጠው፤ ሙሉውን አሳትመን ተከፋፈልን። በውይይቱ ቀን ወሬው ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሲጠጋ ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ። ሁሉም ሳቀ።

ባለፈው ሰሞን መሃል ከተማ ሱቃቸው ሄጄ ነበር። መጽሐፉ ከጨርቅ ጥቅሎቹ በላይ ተቀምጧል፣ ገና አልተነካም።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያነቡት?» አልኳቸው።

«የፈለግኩ ቀን» አሉኝ፣ ጨርቃቸውን እየለኩ። «ማን ያስቸኩለኛል?»

እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው። እኔ መጨረሻውን የሰማሁት እስር ቤት ነው።