ከቆጡ ላይ የከረመው ጠጅ

ቦንጋ ውስጥ የበዛወርቅን ጠጅ ቤት የማያውቅ የባጃጅ ሾፌር አይገኝም። ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ያዛገው ቤት ነው። በዛወርቅ የቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ናት፤ የአባቷ ወገኖች ድሮ ከሰሜን የመጡ ናቸው። ባሏ ግን የጌሻ ሰው፣ የከፋ ተወላጅ ነበር። "ማሩ ከእኛ አገር፣ ሙያው ከአንቺ እጅ" ብሎ ነበር ያግባባት። እሱ በድንገት ሲያርፍ ልጃቸው የምሥራች ገና ዳዴ ትል ነበር። በዛወርቅ የሐዘን ልብሷን ሳታወልቅ ጋን አጥና ጠጅ ጣለች፤ በዚያው ልጇን አሳድጋ መምህርት አደረገቻት።

ማሩን ጌሻ ውስጥ ካለችው ከደካ በኩል የሚያመጣላት የባሏ ወንድም አባተ ነው። አባተ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነው፤ ገመዱን በግንዱ አዙሮ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከታች የቆመ ሰው አንገቱ እስኪዝል አንጋጦ ያየዋል። ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው። ያን ማር በዛወርቅ ለማንም አታስነካም።

ጠጇ ግን አይቆይም ነበር። ማሩ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶ፣ ፈልቶ እስኪጠል ድረስ ያለው ጊዜ ራሱ ለደንበኞቿ የዓመት ያህል ይረዝማል። ቅዳሜ የተከፈተ ጋን ሰኞ ተገልብጦ ይታጠባል። በተለይ ጋሽ አስፋው፣ ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ "ደረሰ ወይ?" ሳይሉ በበሩ አያልፉም።

አንድ ቀን ከዞኑ መሥሪያ ቤት ሰብሃት የሚባል ሠራተኛ መጣ። ጣሊያን አገር የምግብና የመጠጥ ትርኢት አለ፤ ከማር አምራቾቹ ጋር አንድ ጠጅ ጣይ እንድትሄድ ተወስኗል አላት።

"ኢንቪቴሽኑ መጥቷል እትዬ። የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? እኔ እኮ ከጅማ ያለፍኩት ለሕክምና ነው!"

"አይፍሩ፤ አስተርጓሚ ይመደብልዎታል።"

ሄደች። ስለ አውሮፕላኑም ስለ ትርኢቱም ኋላ ሲጠይቋት ብዙ የምትለው አልነበራትም። ትርኢቱ ሲያልቅ እንግዶቹን ለጥቂት ቀን በየገበሬው ቤት ደለደሏቸው። የእሷ ዕጣ ቶስካና ውስጥ ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ሆነ። አብራት የሄደችው እዚያው አገር ያደገች ሰሎሜ የምትባል ወጣት አስተርጓሚ ናት። የታኅሣሥ ወር ነበር። የወይን ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ጠማማ ግንዱ ብቻ በጉም ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል።

የቤቱ እመቤት አድሪያና የሚባሉ፣ ጀርባቸው የጎበጠ ግን እግራቸው የፈጠነ አሮጊት ናቸው። ከልጃቸው ከፓውሎ ጋር ወይን ጠምቀው ይኖራሉ፤ ከእነሱም በፊት የባላቸው አባት፣ የአባታቸውም አባት በዚያው ቤት ያንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። በዛወርቅ ጾም ላይ መሆኗን ሲሰሙ አይቡን ከገበታው አንስተው ባቄላ በዘይት አቀረቡላት። እሷም በልቧ "እኚህስ የእኛ ሰው ናቸው" አለች።

በማግስቱ ፓውሎ በጠባብ የእንጨት ደረጃ ወደ ጣሪያው ሥር አወጣቸው። በሩን ሲከፍተው በዛወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከወራጁ ሁሉ የወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ የሚታይ ጣሪያ እስኪጠፋ ድረስ። ፍሬው ተጨማዶ፣ ጠቁሮና ወርዝቶ፣ በመስኮቱ ነፋስ ሲገባ ያ ሁሉ ዘለላ በአንድነት ይወዛወዛል።

"ተበላሽቶባቸው ነው?" አለች ለሰሎሜ በሹክሹክታ።

"አይደለም እትዬ። መስከረም ላይ ለቅመው ሆን ብለው ይሰቅሉታል። ውሃው አልቆ ጣፋጩ ብቻ እስኪቀር ይጠብቃሉ። ስሙ ቪን ሳንቶ ነው፤ ቅዱስ ወይን ማለት ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጣ ጣፋጭ ወይን ነው።"

በዛወርቅ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቷ ያዘች። "ዘቢብ!" አለች። "ይሄ እኮ ዘቢብ ነው!"

ልጅ ሳለች አባቷ ለቅዳሴ ሲዘጋጁ ዘቢብ ይዘው ወደ ቤተልሔም ይገቡ ነበር። ቤተልሔም የቁርባኑ ኅብስትና ወይን የሚሰናዳባት፣ ሴት የማትገባባት ትንሽ ቤት ናት። እሷ አጥሩ ጋ ቆማ በሩ ሲዘጋ ታያለች፤ ቆይቶ አባቷ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዘው ሲወጡ ጎንበስ ትላለች። ደረቅ የነበረው ፍሬ እንዴት ወይን ሆኖ እንደሚወጣ ጠይቃ አታውቅም፤ የሚጠየቅም አይመስላትም ነበር። አሁን ያ ፍሬ በጣቶቿ መካከል ነው።

የጭመቃ ቀን ደርሶ ኖሮ ዘለላውን እያወረዱ ፍሬውን በእጅ ማራገፍ ተጀመረ። አሮጊቷ ለበዛወርቅ መቀመጫ ሳቡላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"ሴት ብትነካው አይከፋም ወይ በይልኝ።"

ሰሎሜ ስትነግራቸው አድሪያና ሳቁ። "በዚህ ቤት ከሴት በቀር ማን ነክቶት ያውቃል? ወንዶቹ በርሜል ይሸከማሉ። ነይ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። አማትባ ጀመረች። ፍሬው ሲነካ እንደ ማር ይሙለጨለጫል፤ ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣበቁ። ማሽኑ ሲጨምቀው ከሥሩ የወጣው ደግሞ ጠብ፣ ጠብ የሚል ወፍራም ጭማቂ ነው። ጣሪያ ሙሉ ወይን ሰጥቶ ሰጥቶ የሰጠው ያችኑ ብቻ ነው። በዛወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ቦንጋ ላይ ይህን ያህል የሚያባክን ሰው እብድ ይባል ነበር።

ከዚያ ወደ ጓዳው ወሰዷት። ትንንሽ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረዋል፤ አፋቸው በሰም ታሽጓል። ጭማቂው እዚያ ገብቶ ከታሸገ በኋላ ለዓመታት አይከፈትም። በጋው ያግለዋል፣ ክረምቱ ያቀዘቅዘዋል፤ እሱ በውስጥ ይፈላል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይፈላል። በርሜሉ ሲገለበጥ ከሥሩ የሚቀረውን ዝቃጭ አይጥሉትም፤ ለአዲሱ ጭማቂ ጥንስስ ያደርጉታል። "እናት" ነው የሚሉት።

"ማንም አይቀምሰውም?" አለች በዛወርቅ።

"ማንም።"

"እንዴት ያስችላችኋል?"

አድሪያና ትከሻቸውን ሰበቁ። "ዶሮ አለኝ፣ ወይራ አለኝ፣ ፓውሎ አለ። ምን ጊዜ አለኝና አስበዋለሁ?"

ያን ዕለት የሚከፈት በርሜል ነበር። ፓውሎ የመጀመሪያውን ሰም ፈልፍሎ ውታፉን ነቀለ፤ አሸተተና ፊቱ ጠቆረ። "አቼቶ" አለ። ይህንን ሰሎሜ መተርጎም አላስፈለጋትም፤ ቦንጋም ኮምጣጤ አቼቶ ነው። የዚያ ሁሉ ዓመት ጥበቃ እንደዚያ ሆነ። በዛወርቅ የራሷ ጋን የፈሰሰ ያህል ደረቷን ያዘች።

ሁለተኛውን አድሪያና ራሳቸው ጠጋ ብለው ዳሰሱት። ሰሙን ያተሙት ባላቸው ናቸው፤ አትመውት በዚያው ዓመት ሞቱ። የአውራ ጣታቸው አሻራ ሰሙ ላይ እንደታተመ ይታያል። ፓውሎ መዶሻውን ይዞ እናቱን አያቸው። "ክፈተው" አሉት።

ውታፉ ሲነቀል ጓዳው ተለወጠ። የማር ሽታ፣ የለውዝ፣ የአሮጌ እንጨት፣ ፀሐይ የመታው ደረቅ ሣር ሽታ። በትንሽ ብርጭቆ ቀድተው ለመስኮቱ ብርሃን አነሡት፤ አባተ ከጫካ የሚያመጣው የቆየ ማር ቀለም ነው። መጀመሪያ ለእንግዳዋ ሰጧት። በዛወርቅ በሁለት እጇ ተቀብላ ቀመሰች። መጀመሪያ ጣፋጩ መጣ፤ እሱ አልፎ ሌላ ነገር መጣ፤ ዋጠችውና ደግሞ ሌላ መጣ። ያ ያልታየ ሁሉ በጋና ክረምት በምላሷ ላይ አንድ በአንድ የሚያልፍ መሰላት። እንባዋ ወረደ፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም። አሮጊቷም እያለቀሱ ነበር፤ እሳቸው ግን ምክንያት አላቸው።

ቦንጋ ስትመለስ ጠጅ ቤቱ ሙሉ ሰው ጠበቃት።

"እህ፣ ጣሊያን ምን አሳየሽ?" አሉ ጋሽ አስፋው።

"መጠበቅ" አለች። ሳቁባት።

በዚያው ዓመት ጌተሙ ሲያብብ አባተ ከትልቁ ጌተም ላይ ቆርጦ ያመጣውን ነጭ ማር በሙሉ ለብቻው አደረገችው። ማሩን አብዝታ፣ ውሃውን አሳንሳ ጣለችው፤ ፍላቱ በርዶ ሲጠል በትንንሽ ጋኖች ሞልታ አፋቸውን በሰም መረገችና ከቆጡ ላይ ሰቀለቻቸው። የምሥራች ከታች ሆና እያቀበለቻት፣ "እማዬ፣ ቢበላሽስ?" አለች።

"ይበላሻላ።"

ፋሲካ መጣ፤ አልከፈተችም። ጋሽ አስፋው ወደ ቆጡ እያንጋጠጡ፣ "ኧረ ሴትዮ፣ በዕድሜዬ አትቀልጂ" አሏት። ሁለት ክረምት አለፈ። አንዱ ጋን ተሰንጥቆ ሲንጠባጠብ ወርዶ ተቀመሰ፤ አፍ የሚያጣምም ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። የተቀሩትን አልነካችም። አንዳንድ ቀን ሥራዋን ትታ ከቆጡ ሥር ትቆምና ጆሮዋን ትጥላለች፤ ምንም አይሰማም፤ ደስ ይላታል።

አባተ ደግሞ አረጀ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ዛፍ መውጣት አቆመ። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ለሕክምና ከደካ መጥቶ ወደ ቤቷ ጎራ አለ። ጥግ ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ሲያወራ፣ "ያ ትልቁ ጌተም እኮ ወደቀ" አላት። "ነፋስ ጣለው። ከሥሩ ነቅሎ።"

በዛወርቅ የምሥራችን ጠራቻት። አንዱን ጋን አወረዱ። ሰሙን በቢላ ስትፈለፍለው ጠጅ ቤቱ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ተቋረጠ። ሽታው ከጋኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲሄድ ሰው ሁሉ ቀና ቀና አለ። ብርሌ ውስጥ ሲቀዳ እንደ ድሮው ጠጅ ድፍርስ አይደለም፤ ከወዲያ ማዶ ያለው መስኮት በመሐሉ ወለል ብሎ ይታያል።

"ጠጣ። ያኔ ያመጣኸው ማር ነው፤ የዚያ ዛፍ።"

አባተ ቀመሰ። ብርሌውን አወረደና አየው፤ ደግሞ ቀመሰ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ዛፉ እኮ የለም" አለ።

"አዎ።"

"አበባው ግን..." ብሎ ብርሌውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ።

ለጋሽ አስፋው ቀዳችላቸው። ሰውዬው እንደ ልማዳቸው ጨልጠው አልጠጡትም፤ ከንፈራቸውን ብቻ አስነክተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለቀሩት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ደረሳቸው፤ "ጨምሪልን" ያለ አልነበረም። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባተ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጦ፣ ባዶውን ብርሌ በመዳፎቹ መካከል እንደያዘ፣ ለደካው መኪና እንዳይዘገይ የምሥራች መጥታ እስክትነግረው ድረስ አልተነሣም።